ለበቅሎ ቦታ የለም የተባለበት ጋጣ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መንሽ፣ የእጅ ጋሪና ሌላ ሰው ሲያደርገው የኖረ ቦቲ ጫማ ነበር። ጫማው ስለሰፋኝ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቀጠቅኩበት። የሳይሶቹ አለቃ ኦቲየኖ የመጀመሪያውን ጋጣ አሳየኝና «ፋንድያው ወደ ጋሪው፣ እርጥቡ ገለባ ወደ ውጪ፣ ደረቁ ወደ ዳር» አለኝ። ናይሮቢ ውስጥ ሳይስ የሚባለው ፈረስ የሚመግብ፣ የሚያጥብና የሚጭን ሠራተኛ ነው። በዚያ ግቢ ከእኔ በፊት ሴት ሳይስ አልነበረም። ኦቲየኖ እስከ ምሳ እንደማልቆይ እርግጠኛ እንደነበር በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

ጋጣው ውስጥ ቢስኩት የሚባል ትልቅ ዳማ ፈረስ ቆሟል። ገና ጎንበስ ከማለቴ እግሬን ረገጠኝ። አልጮህኩም። ትከሻዬን ጎኑ ላይ አስደግፌ ገፋሁትና በአማርኛ «ወዲያ በል! ቤትህን ላጸዳልህ ነው የመጣሁት» አልኩት። እግሩን አነሳ። ኦቲየኖ በሩን ተደግፎ ሳቀ። «ፖሌ ማማ፣ አይዞሽ፤ እሱ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ነው» አለኝ። «እንግዲህ አማርኛ ይልመድ» አልኩት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የእግሬ አውራ ጣት አብጦ ነበር፤ እኔ ግን ሦስተኛው ጋጣ ውስጥ ነበርኩ።

ታደለች እባላለሁ፤ ግቢ ውስጥ ታዱ ይሉኛል። የሰላሌ ልጅ ነኝ። አባቴ ፍቼ ከተማ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ናይሮቢ የገባሁት በስደት ነው፤ ካሳራኒ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ሁለት ማታቱ ታክሲ እየቀያየርኩ ነበር ሥራ የምገባው። ሥራውን ያገኘችልኝ ላቪንግተን ሰው ቤት የምትሠራ የቸርች እህታችን ናት። የጸሎት ቡድናችን ሥራዬን ሲሰማ «እህት ታደለች፣ ጌታ የተሻለ በር ይክፈትልሽ» ብሎ ሊጸልይልኝ ተነሳ። «የተከፈተልኝን በር እንዳትዘጉብኝ ብቻ» አልኳቸው። አንዳንዶቹ ተቀየሙኝ። እኔም ብዙ አልተጨነቅኩም።

ግቢው የሀብታም ልጆች መጋለቢያ አልነበረም። አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው ልጆችና ከሕመም የሚያገግሙ ትልልቅ ሰዎች ሐኪም እየላካቸው ይመጡ ነበር። ፈረስ ሲራመድ የላዩን ሰው ወገብ ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚወዛወዘው ያወዛውዘዋል፤ ጀርባና እግር ሥራቸውን የሚያስታውሱት በዚህ ነው። ለአንድ ተቀማጭ፣ ፈረሱ ላይ ለሚወጣው ሰው፣ አራት ሰው ይመደባል። አንዱ ገመዱን ይዞ ይመራል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ እየሄዱ ጭኑንና እጀታ ያለውን ቀበቶውን ይይዛሉ፣ አሰልጣኙ መሐል ሜዳ ላይ ይቆማል። እኔ ከመንሽ ወደ ግራ ጎን፣ ከግራ ጎን ወደ መሪነት ያደግኩት ቀስ በቀስ ነው። መሪ ከሆንኩ ወዲያ ቢስኩት በአማርኛ «ቁም» ሲባል ይቆም ነበር።

እንስሶቹ ሁሉ የየራሳቸው አመል ነበራቸው። ማሊካ የምትባለው ነጭ ባዝራ ያለ ፍየሏ ጋጣ አትገባም ነበር። ፍየሉን ኬንያውያኑ ቼርማን፣ ሊቀ መንበሩ፣ ይሉታል፤ ስብሰባ ባለበት ሁሉ ይገኛል፣ ሐሳቡን የሚሰጠው በቀንዱ ነው። ሁለት አህዮችም ነበሩ፤ ሥራቸው የሚፈሩ ልጆችን ማለማመድ ነው። ልጆቹ አህዮቹን ይቦርሻሉ፣ ከዚያ ፈረስ መንካት ይደፍራሉ። እና በመጨረሻው ጋጣ ሥራ የሌላት በቅሎ ነበረች።

በቅሎዋ የመጣችው በስህተት ነው ማለት ይቻላል። አገር ለቀው የሚሄዱ ሰዎች ፈረሳቸውን ለግቢው ሲሰጡ፣ እሷ ፈረሱን ተከትላ መኪናው ላይ ወጣች፤ ሊያወርዷት ቢታገሉ እምቢ አለች። ፈረሱ አርጅቶ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ግራጫ ናት፤ ጆሮዎቿ ረጃጅም፣ ዓይኗ ሰውን የሚመዝን። ማንም ስም አላወጣላትም ነበርና እመቤት አልኳት። ሰጋር በቅሎ ናት፣ ስትሄድ ላይዋ ያለው ሰው ውኃ አይደፋም ብዬ ለኦቲየኖ ፎከርኩ። አይደለችም። ስትራመድ ልክ እንደማንኛዋም በቅሎ ናት፤ ኦቲየኖ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ማዳም ዋምቡይ ሥራ አስኪያጅ ሆና የመጣችው ዝናብ ጠፍቶ ድርቆሽ በተወደደበት ጊዜ ነው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ቁጣ ስላለበት አስቀድሜ ልበል። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ትገባለች፣ የእያንዳንዱን ፈረስ ሰኮና ራሷ አንስታ ታያለች። በመጀመሪያው ሳምንት ጋጣ ለጋጣ እየዞረች ስትጠይቅ እመቤት ጋ ደረሰች።

«ይቺስ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ትበላለች» አለ ኦቲየኖ።

«ሌላስ?»

እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር፤ አላስቻለኝም። «ማዳም፣ እኔ ለመቀመጫ አዘጋጃታለሁ» አልኳት።

«በቅሎ ላይ? ማን ይቀመጣል ታዱ?»

ደሜ ፈላ። «በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄደው ትልቅ ሰው ነው። ፈረስ ለጉግስና ለሩጫ ነው። ዳኛ፣ ባላባት፣ ሙሽራ የሚወጡት በበቅሎ ነው» አልኳት።

«እዚህ ናይሮቢ ነው» አለች ድምጿን ሳትጨምር። «የኢንሹራንሱ ውል ፈረስና ድንክ ፈረስ ይላል። አንድ ልጅ ከበቅሎ ቢወድቅ ግቢውን ይዘጉታል። ያኔ ቢስኩትም የለም፣ ልጆቹም የሉም፣ አንቺም የለሽም። ወሩ ሲያልቅ ነጋዴ ይወስዳታል።»

ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ይበልጥ አናደደኝ። ነጋዴው በቅሎና አህያ የሚገዛው ለምን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ዕድል ካላት ድንጋይ ትጭናለች፣ ከሌላት ቆዳዋ ይሸጣል።

በምሳ ሰዓቴ ላይ ማንም ሥልጣን የለውም። እመቤትን በምሳ ሰዓቴ አወጣኋት። የበቅሎ ጀርባ ሜዳ ስለሆነ ኮርቻ ወደፊት እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፤ ከአሮጌ ቆዳ ከጅራቷ ሥር የሚያልፍ ጠፍር ሰፍቼ ወደ ኋላ ያዝኩት፣ አባቴ ይሰፋ እንደነበረው። መጀመሪያ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጫንኩባት፣ ቀጥሎ እኔ ራሴ ወጣሁ። ዊልቸር በአጠገቧ ገፋሁ፣ ጃንጥላ ከፈትኩ፣ ኳስ በሆዷ ሥር አንከባለልኩ። አልደነገጠችም። አንድ አመል ግን አላት፤ ላይዋ ያለው ነገር ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ማዳበሪያው እስኪቃና ድረስ ብገፋት፣ ብለምናት፣ ካሮት ባሳያት አትነቃነቅም። ቢስኩት ቢሆን ዝም ብሎ ይሄዳል።

ጋሽ ወርቁ የመጡት በዚያው ወር ነው። ሁርሊንግሃም ውስጥ የታወቀ የሐበሻ ምግብ ቤት አላቸው፤ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዟቸው ነበር። ያመጣቻቸው ልጃቸው ሰላም ናት፣ ኬንያ ያደገች። ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ በዊልቸር ተገፍተው ፈረስ ላይ የሚወጣበት መወጣጫ ጋ ደረሱ። ቢስኩትን አቀረብኩ። ሁለቱ ረዳቶች ቀበቶውን ሊያስሩላቸው ሲጠጉ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼ እጀታ ምን ያደርጋል?»

«መያዣ ነው ጋሽ ወርቁ። ግራና ቀኝ ይደግፉዎታል» አልኳቸው።

«እንደ አራስ ልጅ? ሰው ፊት?» አሉና በደህናው እጃቸው ቀበቶውን ወረወሩት። «ሰላም፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ!»

በሚቀጥለው ሳምንት መጡ፤ ያው ሆነ። ሰላም ኮርቻ ቤቱ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። «ታዱ፣ ኦነስትሊ፣ አይ ዶንት ኖው ምን እንደማደርግ» አለችኝ። «ዳዲ ሁልጊዜ የሬስቶራንቱ በር ላይ ቆሞ ነበር እንግዳ የሚቀበለው። አሁን ሰው እንዳያየው ከሩሙ አይወጣም። ዶክተሩ ካልተንቀሳቀሰ እግሩ እንደዚሁ ይቀራል ነው የሚለው። ሂ ጀስት ሲትስ ዜር።»

ሰውየውን ሄጄ ተቆጣኋቸው። ሥራዬ አልነበረም። «ልጅዎ ሥራዋን ትታ ነው የምታመላልስዎ። ቢያንስ ለእሷ ሲሉ አይቀመጡም?» አልኳቸው።

«አንቺ ማነሽና ነው የምትቆጪኝ? ፋንድያ ጠራጊ!»

«አዎ፣ ፋንድያ ጠራጊ ነኝ። ስጠርግ ግን ሰው ቢያየኝ አላፍርም።»

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ዓይናቸው ከእኔ አልፎ አጥሩ ጋ ሄደ። እመቤት ለምሳ ሰዓቱ ተጭና ታስራለች። ማዳም ዋምቡይ ከተማ ወርዳ ነበር።

«ያቺ በቅሎ ናት?» አሉ በሌላ ድምፅ።

«ናት።»

«እንዲህ ተጭና ማን ሊቀመጥባት ነው?»

«ማንም። በቅሎ ላይ የሚቀመጥ ሰው እዚህ የለም ተብሏል። ወሩ ሲያልቅ ለነጋዴ ትሰጣለች።»

ጋሽ ወርቁ አያታቸው ዳኛ እንደነበሩ ነገሩኝ። ከቤት ሲወጡ አንድ ሰው እርካቡን ይዞ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ በእግሩ እየሄደ ካልሆነ በቅሏቸውን ከግቢ አያስወጧትም ነበር። እሳቸውም በልጅነታቸው ከኋላ ይከተሉ ነበር።

«ጤነኛ ነበሩ አያትዎ?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ዛፍ የሚነቅሉ ሰው ነበሩ።»

«ታዲያ በሰው መሐል መሄዳቸው ደግፈዋቸው ነው?»

«አጅበዋቸው ነው እንጂ!» አሉ ተቆጥተው። ቀና ብለው አዩኝ። ወዴት እንደምወስዳቸው ገባቸው፤ ሞኝ ሰው አይደሉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሰላም ሰጧትና «አቅርቢልኝ» አሉ።

ኦቲየኖ መንገድ ላይ ቆመብኝ። «ማማ፣ ሃፓና! አይሆንም! ማዳም ብትሰማ ሁለታችንንም ነው የምታባርረው» አለ።

«አንተ አላየህም። ሂድና ሻይህን ጠጣ።»

ኦቲየኖ ሽማግሌውን አየ፣ በቅሎዋን አየ፣ እኔን አየ። «ከሆነማ ግራው ጎን የኔ ነው» አለ። «ደካማው ጎን በእሱ ነው፤ ረዳቶቹ አይችሉትም።»

ሄልሜት አደረግንላቸው፣ ቀበቶውን አሰርንላቸው፤ በዚህ እንኳ አልተከራከሩም። ከመወጣጫው ላይ እመቤት ጀርባ ላይ አሳለፍናቸው። ገመዱን እኔ ያዝኩ፣ ኦቲየኖ በግራ፣ አንድ ረዳት በቀኝ። መራመድ ጀመርን። ቼርማን ከኋላ ተከተለ። ጋሽ ወርቁ አገጫቸውን ቀና አድርገው ወደፊት ብቻ ያያሉ። ሰላም ስልኳን አውጥታ ልትቀርጽ ነበር፤ ግን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ሜዳው መሐል ስንደርስ እመቤት ቆመች። ዞር ብዬ ሳይ የጋሽ ወርቁ ሰውነት ወደ ግራ አጋድሏል። ኦቲየኖ ገፋ አድርጎ ሊያስተካክላቸው እጁን አነሳ። «ተወኝ!» አሉት። በቀኝ ያለው ረዳት «በቅሎዋ እምቢ አለች፣ እንጎትታት?» አለ። እኔም ፈርቼ ነበር። ጋሽ ወርቁ ግን በቅሎዋን ከላይ ሆነው ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ከመጡ ወዲህ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«አትጎትቷት። ልክ ናት፤ ተንጋድጄ ነው» አሉ።

ከዚያ ራሳቸውን ማቃናት ጀመሩ። ግንባራቸው በላብ ራሰ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ በቀኝ እጃቸው ኮርቻውን ጨበጡ። ማንም አልረዳቸውም። ጀርባቸው ቀጥ ሲል እመቤት ማንም ሳያዛት ተራመደች። ሜዳውን ዞረን እስክንጨርስ ደጋግማ ቆመች፤ እሳቸውም ደጋግመው ተቃኑ።

መወጣጫው ጋ ስንመለስ ማዳም ዋምቡይ በሩ ላይ ቆማለች። ተቀማጩ ከእንስሳው ሳይወርድ አይጮህም፤ የመጀመሪያው የሥራ ሕጋችን ይኸ ነው፣ እሷም ጠብቃዋለች። ጋሽ ወርቁ ወርደው ዊልቸራቸው ላይ እስኪቀመጡ ጠበቀች። ከዚያ በእጇ ጠራችኝ።

ቢሮ ስንገባ ፊቷ ጠቁሯል። «የሁሉንም ሰው እንጀራ ነው ያስያዝሽው» አለች። «ቢወድቁስ?»

«አልወደቁም።»

«ቢወድቁስ አልኩሽ!»

«ቢወድቁ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ነገ አምጪልኝ ቢሉኝ ግን ነገም አመጣላቸዋለሁ።»

«ያስፈራኝም ይኸው ነው» አለችና እጇን ዘረጋች። የኮርቻ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኋት። ከሥራ ታገድኩ። ኦቲየኖን አልነካችውም፤ ያለ እሱ ግቢው አንድ ቀን እንደማይሠራ ታውቃለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ከካሳራኒ ተነስቼ እንደማንኛዋም እንግዳ በዋናው በር ገባሁ። የታገድኩት ከሥራ ነው፤ የእንግዶች አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ማዳም ዋምቡይ አየችኝና አለፈች። ጋሽ ወርቁ ሱፋቸውን ለብሰው መጡና በቅሎዋን ጠየቁ። «አይቻልም» ተባሉ። ቢስኩት ቀረበላቸው። «ፈረሱን አልናቅኩትም፤ ግን አልቀመጥም» አሉና ሰላምን ወደ መጨረሻው ጋጣ እንድትገፋቸው አዘዟት። አንድ የእንጨት ወንበር የጋጣው በር ላይ አስደርገው፣ ተደግፈው ከዊልቸሩ ወደ እሱ ተዛወሩ። የተመደበላቸው ሰዓት እስኪያልቅ አልተነሱም። ልጆች፣ እናቶች፣ ረዳቶች በፊታቸው ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጣሉ። ሰው እንዳያያቸው ጓዳ የተደበቁት ሰውዬ እኚህ ናቸው።

ወሩ አልቆ ነጋዴው የመጣ ቀንም እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ፤ እኔም አግዳሚዬ ላይ። መኪናውን በጓሮ አቁሞ፣ ገመድ ይዞ ወደ ጋጣው ሲሄድ ተከተልኩት። በሩ ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ።

«አባቴ፣ በሩን ልክፈት፤ ትንሽ ይነሱልኝ» አላቸው ነጋዴው በስዋሂሊ።

«መነሳት አልችልም» አሉት ጋሽ ወርቁ። «ስትሮክ ያዘኝ። ለመነሳት ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ያስፈልገኛል።»

ነጋዴው ኦቲየኖን አየ። ኦቲየኖ እጁን አጣጥፎ ግድግዳውን ተደገፈ። ረዳቶቹን አየ፤ አንዱ ጫማውን ያስራል፣ ሌላው ደመናውን ያያል። ሰላም «ሶሪ፣ ወገቤን ያመኛል» አለች። እኔንም አየኝ። «እኔ እንግዳ ነኝ» አልኩት። ቼርማን ከኋላው መጥቶ በቀንዱ ገፋ አደረገው።

ማዳም ዋምቡይ ከቢሮ ወጥታ መጣች። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። ጋሽ ወርቁ ፊት ቆመችና «እስከ መቼ ነው የሚቀመጡት?» አለቻቸው።

«እሷ እስክትወጣ። ወይ ከእኔ ጋር ወደ ሜዳው፣ ወይ እኔን ረግጣ ወደ መኪናው።»

ማዳም ዋምቡይ ልትቆጣ ነበር፤ ግን ጀርባቸውን አየችው። ወንበሩ መደገፊያ የለውም። ያለ ደጋፊ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ያን ጀርባ ከየትኛችንም ቀድማ የተረዳችው እሷ ናት፤ የመጡ ዕለት ዊልቸራቸው ውስጥ እንዴት ተዘርጥጠው እንደነበር አይታለች። ወደ ነጋዴው ዞራ «ለመንገድህ ይቅርታ፤ የምትወስደው የለም» አለችው።

ከኢንሹራንሱ ሰዎች ጋር የተከራከረችው ራሷ ናት። ፊዚዮቴራፒስቱን አምጥታ በቅሎዋን አስመረመረች፣ እኔ የሰፋሁትን ጠፍር አስፈትሻ በአዲስ ቆዳ አስለወጠችው። ብዙ ተመላለሰች፣ ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ተባለች፣ እሷም እምቢ አለች። በመጨረሻ በውሉ ላይ «በቅሎ» የሚል ቃል አስገባች። እኔ ጋ ሲመጣ ግን አልራራችም። ወደ ሥራ የተመለስኩት በመንሽ ነው፤ መሪነቴን ለማግኘት እንደገና ከታች ጀመርኩ። ኦቲየኖ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ኪሱሙ ሲገባ የሳይሶች አለቃነት ለሌላ ተሰጠ። «አንቺን ብሾም እልኽሽ አንድ ቀን ሰው ይገድልብኛል» አለችኝ ፊት ለፊት። «እሺ» አልኳት። ሹመቱ አምሮኝ ነበር፤ ቅር ብሎኛል፣ ዛሬም ቅር ይለኛል። እመቤትን ግን በእሱ አልለውጣትም።

የጋሽ ወርቁ እግር እንደ ድሮው አልሆነም፤ አይሆንምም። በከዘራ ትንሽ ይራመዳሉ። ማታ ማታ ሁርሊንግሃም የምግብ ቤታቸው በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ፤ ሲደክማቸው አንድ አስተናጋጅ በግራ፣ አንድ በቀኝ ይቆማል። ባለፈው ከጸሎት ቡድናችን ጋር ስንገባ «ግቡ፣ ይቺ የኔ ባልደራስ ናት» ብለው አስተዋወቁኝ። በር እንዲከፈትልኝ ሲጸልዩ የነበሩት ሰዎች በዚያ በር ተከትለውኝ ገቡ።

አሁን ጉልበቴ ሜዳ አያዞረኝም። ኮርቻ እጠግናለሁ፣ አዲስ ለሚገቡ ረዳቶችም ሥራውን አሳያለሁ። የማሳያቸው አጭር ነው። ከተቀማጭ ጎን ስትሄዱ እጃችሁ ጭኑ ላይ ይሁን፣ ዓይናችሁ ወደፊት፤ ፊቱን ቀና ብላችሁ እያያችሁ አትዘኑለት። እመቤት ከቆመች አትጎትቷት፣ ሰውየውንም አትግፉት። እስኪቃና ጠብቁ።